ጀልባው ሲገባ የሚዋጥ ክኒን

ዮሩን ከሞተች ወዲህ፣ በዓሣ ፋብሪካው ውስጥ እሷ ትቆምበት የነበረውን ቦታ ማንም ሊይዘው አልፈለገም። ሴቶቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተሰልፈው የዓሣ ሆድ ሲሰነጥቁ፣ ከቧንቧው አጠገብ ያለው ስፍራ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ሆኖ ይውላል። ከዚያ ክፍት ቦታ ቀጥላ የምትቆመው ታናሽ እህቷ ጉንቮር ነበረች። አንዳንዴ ቢላዋዋን አሳርፋ እጇን ስታሞቅ፣ ከጎኗ ሌላ ቢላዋ አጥንት ሲፍቅ ትሰማለች። ዞር ስትል ግን ማንም የለም።

ወሩ ጥር ነው። በሰሜን ኖርዌይ ጠረፍ በዚያ ወቅት ፀሐይ አትወጣም፤ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጥቂት ገርጣ ይልና መልሶ ይጠቁራል። ጉንቮር በዚያ ጨለማ ወደ ሥራ ትሄዳለች፣ በዚያው ጨለማ ትመለሳለች። ቤቷ ስትደርስ ደግሞ ሕፃኗ ትጠብቃታለች። የራሷ ልጅ አይደለችም። ዮሩን በኅዳር ወልዳት ደሟ አልቆም ብሎ፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት ጀልባ ማዕበሉን ሳይሻገር የሞተችባት ልጅ ናት። እስካሁን ስም አልወጣላትም። ስም ማውጣት የነበረበት አባቷ ሂልማር አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አላያትም።

ለምን እንዳልመጣ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም።

ዮሩን በሕይወት ሳለች ድምፀ ጎርናና፣ ሳቋ ከማሽኑ ጩኸት በላይ የሚሰማ ሴት ነበረች። ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ደም ፈስሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። የዚያን ጊዜ የሆስፒታሉ ሐኪም «ሦስተኛ አይታሰብ» ብሎ የወሊድ መከላከያ ክኒን አዘዘላት። ክኒኑ ወደዚያ ጠረፍ ከመጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። የዓሣ አጥማጅ ሚስቶች ሁሉ እንደ ጸጋ ተቀበሉት፤ አወሳሰዱን ግን እርስ በርስ ነው የተማማሩት። ባል ባሕር ላይ ሲሆን ማቆም፣ ጀልባው ሲገባ መጀመር።

«አልጋው ባዶ ሆኖ ለማን ብዬ ልዋጠው? ለትራሱ?» ብላ ነበር አንድ ጠዋት ዮሩን፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ በሳቅ እስኪንፈራፈር ድረስ። ጉንቮርም አብራ ስቃለች። እሷም የምትውጠው እንደዚያው ነበር።

የዮሩን ሆድ ሲገፋ ያ ቀልድ መርዝ ሆነ። ወሬውን የጀመረችው ከጠረጴዛው ማዶ የምትቆመው አልፍሂልድ ናት። «እኔ ምን አውቄ» አለች ዓሣውን እያገላበጠች። «ባሏ ሲኖር ትውጣለች፣ ሳይኖር አትውጥም። ራሷ ናት የነገረችን። እንግዲህ ይሄ ፅንስ የመጣው መቼ ነው? ቁጠሩታ።»

ቆጠሩት። ሂልማርም ቆጠረ። በዚያ የካቲት የጀልባው ሞተር ተሰብሮ ሳይታሰብ ጥቂት ቀን እቤቱ ሰንብቷል፤ ልጁ ከእነዚያ ቀናት ጋር ይገጥማል። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ሚስቱ ክኒኗን ስትውጥ በዓይኑ አይቷል። እና ከማን? ጥያቄው እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰካ። ከዚያ በኋላ ወደብ ሲደርስ የሚያድረው ጀልባው ላይ ሆነ። ዮሩንም መሳቋን ተወች። ለእህቷ እንኳ ያለቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ ራሴ አልገባኝም፣ ጉንቮር። ወንድ የሚባል ሌላ አላውቅም። ግን ክኒኑን ውጬዋለሁ።»

ጉንቮር አመነቻት። ቢሆንም ከእምነቷ ሥር አንዲት ጭላጭ ጥርጣሬ ቀርታ ነበር፤ ከቀብሩ በኋላ እንቅልፍ የነሳቻት እሷ ናት። ሕፃኗን ስታጥብ፣ የሞተችው ከኋላዋ ቆማ አንገቷ ላይ የምትተነፍስባት ይመስላታል። «አላመንሽኝም» የምትላት ይመስላታል።

በገና ሰሞን የጉንቮር ባል ኤድቪን ከባሕር መጥቶ ሰንብቶ ሄደ። ጥር ሲጋመስ የወር አበባዋ ቀረ። ጥቂት ቀናት በዝምታ ከጠበቀች በኋላ፣ ሕፃኗን ለአማቷ ሰጥታ በአውቶቡስ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። መንገዱን ሁሉ መስኮቱ ላይ ያለው የራሷ ፊት የዮሩንን ይመስል ነበር፤ አንዳንዴም የእሷ አፍ ተዘግቶ የመስኮቱ አፍ የሚንቀሳቀስ ይመስላታል።

ዶክተር ሊንድቪክ በዚያው በገና የተሾሙ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ሽንቷን ተቀብለው አስመረመሩ፤ ኮሪደር ላይ አስቀምጠዋት ቆዩና ጠሯት።

«የለም፣ አላረገዝሽም። ሐዘንና ድካም የወር አበባ ያዛባል።»

ጉንቮር ወንበሩ ላይ እንደ ጨርቅ ታጠፈች። ዶክተሯ ውሃ ሰጧት።

«ይሄን ያህል የሚያስፈራሽ ከሆነ ክኒኑን ትወስጃለሽ አይደል?»

«እወስዳለሁ እንጂ።»

«እንዴት ነው የምትወስጂው?»

«እንደ ሁሉም ሰው ነዋ። ጀልባው ሲገባ።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። «ድገሚልኝ እስቲ።»

«ኤድቪን ሲመጣ እጀምራለሁ፣ ሲሄድ አቆማለሁ። እዚያ ያለነው ሁሉ እንዲሁ ነን።»

«አይ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «ይሄ እንደ ራስ ምታት ክኒን ያመመሽ ቀን የሚዋጥ አይደለም። ሥራው እንቁላሉ ከቦታው እንዳይወጣ ማድረግ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሰውነትሽ በየቀኑ ሊያገኘው ይገባል። ባልሽ ኖረም አልኖረም። በየቀኑ አንድ፣ የምትችይ ከሆነ በተመሳሳይ ሰዓት፤ ከእራት በኋላ ወይ ጥርስሽን ስትቦርሺ። እሽጉ ሲያልቅ ሰባት ቀን ታርፊያለሽ፣ ያኔ ደሙ ይመጣል። በስምንተኛው ቀን ደሙ ቆመም አልቆመም አዲሱን ትጀምሪያለሽ። ዕረፍቱን ማስረዘም ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው።»

«ብረሳስ?»

«አንድ ከረሳሽ፣ ያስታወስሽ ጊዜ ዋጪው፤ በአንድ ቀን ሁለት ቢሆንም ግድ የለም። ከዚያ እንደ ወትሮው ቀጥይ። ሁለትና ከዚያ በላይ ከዘለልሽ ግን፣ አንዱን ወዲያው ዋጪና ሰባት ቀን ሙሉ ሳታቋርጪ እስክትወስጂ ድረስ ባልሽ ኮንዶም ያድርግ። የዘለልሽው እሽጉ ሊያልቅ ሲል ከሆነ ሳታርፊ ቀጣዩን ጀምሪ። በዋጥሽ በሦስት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ እንዳልዋጥሽው ቁጠሪው፣ ሌላ ዋጪ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከክኒኑ ጋር አይስማማም፤ የሚወስድ ካለ ይንገረኝ። ሲጋራ ታጨሻለሽ?»

«አላጨስም።»

«ጥሩ። የሚያጨሱት፣ በተለይ ዕድሜያቸው ገፋ ያለው፣ ደም ግፊትም ያለባቸው መጥተው ያነጋግሩኝ። ለእነሱ ሌላ ዘዴ ይሻላል።»

ጉንቮር አንዱንም ቃል አልሳተችም። ከሁሉ በላይ ግን አንዷ ሐረግ ውስጧ እንደ በረዶ ተቀመጠች፤ «ሰባት ቀን ሳታቋርጪ።»

«ዶክተር፣ አንዲት ሴት ባሏ በድንገት ቢመጣና ክኒኑን የዚያኑ ዕለት ማታ ብትጀምር... ከራሱ ከባሏ ልታረግዝ ትችላለች?»

«በደንብ አድርጋ ትችላለች። በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ክኒኑ ገና አልደረሰላትም።»

ዶክተሯ «የእኅትሽ ነገር ነው?» አሉ ዝግ ብለው። ከእሳቸው በፊት የሆነ ቢሆንም ወሬው ደርሷቸዋል። «ማንም አላስረዳትም?»

«‹በቀን አንድ› ነው ያሏት። እሷም በቀን አንድ ነበር የምትውጠው፤ ጀልባው በገባ ቀን ሁሉ።»

በማግሥቱ ከሥራ ቀርታ ወደ ሂልማር ሄደች። በረዶው ከእግሯ ሥር ይንጫጫል፤ ከኋላዋም ሌላ እግር ትንሽ ዘግይቶ የሚከተላት መሰላት። ስትቆም ቆመ። ዞር አላለችም። «እሺ እቴ፣ አብረን እንሂድ» አለች በሹክሹክታ።

ሂልማር ጀልባ ማቆያው ውስጥ መብራት አንጠልጥሎ መረብ ይጠግን ነበር። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል።

«ስለ ልጅቷ ከሆነ ተመለሽ» አላት ቀና ሳይል።

«ስለ እናቷ ነው። በየካቲት ሞተራችሁ የተሰበረ ዕለት ስትመጣ፣ ዮሩን እንደምትመጣ ታውቅ ነበር?»

«ከየት ታውቃለች? እኔም አላውቅ።»

«ክኒኑን ስትውጥ አይቻለሁ ብለሃል። ምን አየህ?»

«ምን ታደርቂኛለሽ አንቺ?»

«ንገረኝ ብቻ።»

መርፌውን አስቀመጠ። «ወጥ ቤት ነበርን። ድንችና ዓሣ በልተን ጨርሰናል። ከቁም ሣጥኑ እሽጉን አወጣች። ‹ዛሬ ደግሞ ሳትነግረኝ መጣህ› ብላ ሳቀች። አዲስ ነበር እሽጉ፤ ወረቀቱን ስትቀድ አስታውሳለሁ። ዋጠችው። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ጉንቮር። ይሄን ማንም አይክደኝም።»

«አልክድህም። አዲስ እሽግ፣ አንተ በገባህ ማታ። የመጀመሪያዋ ክኒን ነበረቻ።»

«እና?»

ዶክተሯ የነገሯትን በተቻላት ሁሉ ሳታሳጥር ነገረችው። መድኃኒቱ ኃይል እስኪያገኝ ሰባት ቀን እንደሚፈልግ፣ በመሃል የሚቋረጥ ክኒን እንዳልተዋጠ እንደሚቆጠር። «እሷም እኔም አልፍሂልድም፣ ሁላችንም ሞኞች ነበርን። እኔ በዕድል ዳንኩ፣ እሷ አልዳነችም። ካላመንከኝ ዶክተር ሊንድቪክ ራሳቸው ሊነግሩህ ፈቃደኛ ናቸው። ልጅቷ ያንተ ናት፣ ሂልማር።»

ሂልማር መረቡን ጭኑ ላይ ሰበሰበ። መብራቱ እየተወዛወዘ ጥላውን ግድግዳው ላይ ያመላልሰዋል። ጉንቮር ያመነ ሰው ፊቱ ይበራል ብላ ነበር የጠበቀችው። የሂልማር ፊት ግን እያየችው ጨለመ።

«በመጨረሻ የወጣሁ ዕለት ወደብ ድረስ መጣች» አለ። «ሆዷ ደርሶ ነበር። ‹ፈርቻለሁ፣ ዘንድሮ አትሂድብኝ› አለችኝ። ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ?»

«ተወው።»

«‹አባቱ ያስታምሽ› አልኳት። ከዚያ ገመዱን ፈታሁ።»

በሩ በንፋስ ተንኳኳ፤ ሁለቱም እኩል ደንግጠው አዩት። ማንም አልገባም።

«አንቺም ትሰሚያታለሽ?» አላት።

«እሰማታለሁ።»

«እኔ ተናዳ የምትመጣ ነበር የሚመስለኝ» አለ፤ ከዚያ ፊቱን በመረቡ ሸፈነ።

ሰኞ ዕለት ጉንቮር ጠረጴዛው ላይ ቢላዋዋን ጥላ፣ ማሽኑ እስኪቆም ሳትጠብቅ ተናገረች። የሰማችውን ሁሉ አንድ በአንድ ለሴቶቹ አስረዳች። ቀጥላ አልፍሂልድን አየቻት። «እኅቴን ስትቆጥሪባት የነበረው ወር ትክክል ነው። ያላወቅሽው ክኒኑን ነው፤ እኛም አላወቅነውም።»

ሳቅ አልነበረም። ጥቂቶቹ እጃቸውን ጨው እንደነካው ቁስል ሲጨብጡት አየች፤ በልባቸው የራሳቸውን ቀን እየቆጠሩ ነበር። በምሳ ሰዓት አልፍሂልድ ልብስ መቀየሪያው ጋ ጉንቮርን ጠብቃ ቆመች።

«የኔም ሰውዬ ዓርብ ይገባል» አለች ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተክላ። «እስካሁን አልጀመርኩም። ምን ይሻለኛል?»

ጉንቮር ልትሰድባት ትችል ነበር። አፏም ድረስ መጥቶላት ነበር። «ዛሬውኑ ዶክተሯ ጋ ደውይ፣ እንዴት እንደምትጀምሪ ይንገሩሽ» አለቻት። «እስከዚያ ኮንዶም አድርግ በይው። ካልሆነ መሬት ላይ ይተኛ።»

ከዚያ ዓመት በኋላ በመንደሩ ሴቶቹ ባሕሩን እያዩ ክኒን መዋጥ ትተው በየቀኑ መዋጥ ጀመሩ። ዶክተሯም ፋብሪካው ድረስ መጥተው አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አስተማሯቸው፤ የደም ግፊት የተገኘባቸው ወደ ሌላ ዘዴ ተዛወሩ።

ሂልማር ሕፃኗን ለመውሰድ የመጣው የፀሐይዋ ጫፍ ከተራራው በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየች ሰሞን ነው። በር ላይ ቆሞ ጓንቱን አወለቀ። ጉንቮር አስታቀፈችው። ልጅቷ ጢሙን ያዘችና አልለቅ አለች። «ዮሩን ትባል» አለ።

የባሕሩን ሥራ ትቶ በፋብሪካው ማቀዝቀዣ ክፍል ተቀጠረ፤ ሦስቱንም ልጆች አሳደገ፤ ሌላ አላገባም። ደህና አባት ወጣው። አንዳንድ ምሽት ግን ሰዎች ከወደቡ ጫፍ ብቻውን ቆሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገር ያዩታል። አንድ ቀን ጉንቮር ጠጋ ብላ ሰማችው። «አልሄድም፣ አልሄድም» ነበር የሚለው።

በቀስታ ወደ ኋላዋ ተመለሰች።