ውኃው እንዲሰማቸው

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ሚስማር ይመታ ነበር። ፎቶ ሊሰቅል ይሁን መጋረጃ እንጃለት፤ በዚህ በደሴ ብርድ፣ በዚያ ሰዓት ከአልጋው የሚወርድ ሰው ጤነኛ ነው ብዬ አላምንም። ብቻ ግድግዳው ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ሲል እጄ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ወደ ኮመዲኖው ሄደ፤ ብርጭቆ ፍለጋ። ብርጭቆ የለም። መድኃኒቱንም ከተውኩት ስንት ጊዜዬ! ሐኪሙ ራሱ ነው ቀስ በቀስ ያስተወኝ። እጄ ግን ገና አልሰማም መሰለኝ።

እስቲ ቁጭ በይ፣ ላጫውትሽ።

ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ልጅ ነበርኩ። ኮምቦልቻ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ክፍል ተቀጠርኩ። ሥራዬ ጨርቁ በመብራት ላይ ሲያልፍ ቆሞ ማየትና እንከን መፈለግ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንከን ስትፈልጊ ውለሽ ማታ ወደ ራስሽ ስትመለሺ የምታገኚውን አስቢው። ቀልዴን ነው፣ ሥራው ምንም ጥፋት የለበትም። ሕመሙ ከደሴ አብሮኝ የወረደ ነው፤ መቼ እንደጀመረኝ እንኳ አላውቅም። አንድ ቀን ልብ ስል ምግብ አይጥመኝም፣ ዘፈን አይጥመኝም፣ ጓደኛዬ ስትደውል ስልኩ ጮኾ ጮኾ እስኪያቆም ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

እናቴ «ምን ጎደለሽ?» ትለኝ ነበር። «ተምረሻል፣ ሥራ ይዘሻል፣ አካልሽ ሙሉ ነው።» እውነቷን ነው። የጎደለኝን ብፈልግ አንድም አጣሁ፤ ያሳፈረኝም እሱ ነው። ሰው የሞተበት ሲያለቅስ ጎረቤት ይገባዋል፣ መጥቶ አብሮት ይቀመጣል። እኔ ምን ሆንኩ ብዬ ሰው ልጥራ?

ለማንም ሳልናገር ደሴ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። «ይሄ እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አይሠራም» አለኝ። «እንዲያውም መጀመሪያ ይረብሽሻል። ያቅለሸልሽሻል፣ እንቅልፍ ይነሳሻል። ክፉ ሐሳብ ከመጣብሽ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ። በራስሽ ግን እንዳታቋርጪ፤ ጥቂት ሳምንት ታገሺልኝ።» ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት። እሺ አልኩ። ያኔ ሁሉንም ነገር እሺ ነበር የምለው፤ እንቢ ማለትም ጉልበት ይፈልጋል።

ከፒያሳ ወርጄ ሚኒባስ ያዝኩ። ያንን ቁልቁለት ታውቂው የለ? ከላይ ጉም ነው፣ ጥምዝምዙን ስትጨርሺ የኮምቦልቻ ሙቀት ፊትሽን ይመታሻል። የመድኃኒቱን ካርቶን መናኸሪያው ቆሻሻ ውስጥ ጥዬ፣ ክኒኑን በመሐረብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ሥር ቀብሬዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ዶሮ ታቅፈዋል። ዶሮዋ መንገዱን ሙሉ ስታየኝ ነበር፤ የምታውቅብኝ መስሎኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እዚያ ድረስ ደርሼ ነበር እንግዲህ።

አከራዬ ሸምገል ያሉ ሙስሊም ሴት ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። እማማ እላቸዋለሁ። የእሳቸው መኝታ ቤትና የእኔ ክፍል በአንድ ስስ የጭቃ ግድግዳ ነው የሚለያየው። ስታስነጥሺ ከማዶ «ይማርሽ» ይሉሻል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት! አፌ ይደርቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ በቆርቆሮ ጣሪያው ሙቀት ላይ ሌላ ላብ ያጠምቀኛል። ማዛጋቱማ አይወራ፤ አለቃዬ ሲቆጣኝ ፊቱ ላይ አፌን በረገድኩ። ፋብሪካው የጨርቁ ማጠንከሪያ ይሸታል፣ ያ ሽታ ሆዴን ያገላብጠው ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ የግቢው ልጆች ሲጫወቱ፣ ራዲዮው ሲያወራ፣ እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ተኝቼ ብርሃኑ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲሄድ አያለሁ። እናቴ ትደውላለች። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «በላሽ?» «በላሁ።» ስልኩን ስዘጋ ክፍሉ ከበፊቱ ይበልጥ ጭር ይላል። ብቸኛ ነበርኩ። ሰው በሞላበት ግቢ፣ አንድ ቃል የምናገረው ሰው አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት ቧንቧው ጋ ስንገናኝ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስልክሽ በየማለዳው ይጮሃል» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ ረበሽኩዎት?» «አይ፣ እኔስ ለሱብሒ ሶላት ተነስቼ ነው የምቆየው። መድኃኒት ነው?» ደነገጥኩ። «አዎ» አልኩ። ባልዲያቸውን አስቀምጠው ትንሽ አዩኝና «ሰዓት ያለው ነው?» አሉኝ። «አዎ፣ ሰዓት ያለው ነው።» ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ።

በማግስቱ ስልኬ እንደጮኸ ግድግዳው ጠቅ ጠቅ አለ። ጣታቸው ላይ ወፍራም የብር ቀለበት ነበረቻቸው፤ በእሷ ነው የመቱት። ግራ ገብቶኝ እኔም ሁለቴ መታሁ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ። እሳቸው ይመታሉ፣ እኔ ከጆጉ ውኃ ቀድቼ እውጣለሁ፣ መልሼ እመታለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዳንድ ቀን ከሰው ጋር የተነጋገርኩት እሱን ብቻ ነበር።

የዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር። እማማ ይጾማሉ። እኔም በእምነቴ መጾም ነበረብኝ፤ መድኃኒቱ ግን ባዶ ሆድ አይወድም። አንድ ማለዳ በሬን ገፋ አድርገው ትኩስ ገንፎ ይዘው ገቡ፤ መሐሉ ላይ በቅቤ ፈንታ የተልባ ዘይት አድርገውበት። «ቅቤ የለበትም፣ ጾምሽን አልነካሁብሽም» አሉኝ። «ይሄ መድኃኒት ምግብ ይፈልጋል። አውቃለሁ።» ራሳቸው ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ስበላ ያዩኛል። «እማማ ኧረ አፍራለሁ፣ እርስዎ ጾመው!» ስላቸው «ዝም ብለሽ ብዪ አቦ! የአንቺን መብላት አላህ ከእኔ ጾም ጋር ይቆጥርልኛል» ይሉኛል። ከየት አውቀው እንደሚንከባከቡኝ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ ለማፍጠሪያ የግቢውን ተከራዮች የጠሩ ዕለት ነው። ቴምሩ፣ ሾርባው፣ ለእኔ ለብቻ የተለየ የምስር ሳምቡሳ። በብርጭቆ አብሽ ሰጡኝ፤ ግማሹን ጠጥቼ ሆዴ እምቢ ስላለኝ አስቀመጥኩት። አንዷ ተከራይ የራሷን ብርጭቆ ከእኔ ራቅ ስታደርግ አየኋት፤ ለካ ስለ እኔ ተንሾካሹከዋል። እማማም አይተዋል። የእኔን ብርጭቆ አነሱና ሁሉም እያየ «ቢስሚላህ» ብለው ጭልጥ አደረጉት። አፋቸውን በሻርፓቸው ጠርገው «የልጄ ትራፊ አይደፋም» አሉ።

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። በእኛ አገር ሰዓት ተጠብቆ፣ ተደብቆ፣ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ሲባል ሰው የሚያስበው አንድ ነው። ኤች አይ ቪ አለባት ብለው ነበር። እማማ ያንን እያሰቡ ነው ለካ ገንፎ የሚያገነፉልኝ፣ ያንን እያሰቡ ነው ከብርጭቆዬ የጠጡት።

አላረምኳቸውም። ምን ብዬ? ያኛው ስም አለው፣ ሰው ለምዶታል፣ በራዲዮ ይወራለታል። የእኔን የአእምሮ መድኃኒት ነው ብል ለእብድ አከራየሁ እንዳይሉ ፈራሁ። ደግሞ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ያቺ ጠቅ ጠቅ እንዳትቀርብኝም ፈራሁ። ብቻ ማታ ክፍሌ ገብቼ ሳስበው ሆዴ ባባ። የሚወዱኝ በሌለብኝ በሽታ ነው፤ ባለብኝ በሽታ አሁንም ብቻዬን ነኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት መጣ። ሳምንቱ ሳምንቱን ተክቶ ምንም ለውጥ የለም፤ እንቅልፍ የለ፣ ረፍት የለ። ስልኩ ጮኸ፣ ዘጋሁት። በቃኝ አልኩ፣ በቃ በቃኝ። ስለ መድኃኒቱ ብቻ አልነበረም በቃኝ ያልኩት፣ ይገባሻል አይደል? ግድግዳው ጠቅ ጠቅ አለ። ክኒኑን ሳልነካ፣ ከተኛሁበት ሳልነሳ፣ እጄን ዘርግቼ መለስኩ፤ ጠቅ ጠቅ።

ከማዶ የጫማቸውን መንሸራተት ሰማሁ፣ በሩ ተገፋ። እማማ መሐል ክፍሉ ላይ ቆመው «ውኃ አልቀዳሽም» አሉኝ።

«ውጫለሁ እማማ።»

«አልዋጥሽም። ውኃው አልተሰማኝም።» አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ይቺ ክፍል የልጄ ናት» አሉ፤ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያዩ። «አንድ ልጄ። እሷም ሰዓት ያለው መድኃኒት ነበራት። ጠዋት ጠዋት እመታለሁ፣ ትመታልኛለች። ዋጠች ብዬ ደስ ይለኛል። ከቀበርናት በኋላ ፍራሹን ልናሰጣ ብናነሳው ክኒኑ ከጥጡ መሐል ረገፈ። ስንቱን! ሰው ያየኛል ብላ አፍራ፣ እኔንም ፈርታ። ወላሂ አንድ ቀን እንኳ ውኃ ስትቀዳ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያኔ ልብ አላልኩም። አሁን የምሰማው ውኃውን ነው።»

ተነስተው ጆጉን ያዙ። ሲቀዱ ውኃው ግማሹ መሬት ፈሰሰ። ክኒኑን ከመሐረቡ ፈታሁ፤ ዋጥኩ። «አፍሽን ክፈቺ» አሉኝ፣ ከፈትኩ። እንደ ሕፃን ምላሴን አስነስተው አዩ። ያኔ አለቀስኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ዕንባ የወጣኝ። እያለቀስኩም ነገርኳቸው፤ ያ እንዳልሆነ፣ እሳቸው ያሰቡት በሽታ እንደሌለብኝ።

«የለብሽም? አልሐምዱሊላህ!» ደረታቸውን ያዙ። «ታዲያ የምን መድኃኒት ነው?» አሉኝ።

«ልቤ ነው እማማ። ደስ የሚለኝ ነገር ጠፋ። መኖሩ ከበደኝ።»

«ሰው ሞቶብሽ?» «አይ።» «የከዳሽ አለ?» «የለም።» «ዝም ብሎ?» «ዝም ብሎ።» ይስቁብኛል ወይ ይነሱና ይሄዳሉ ብዬ እግራቸውን እግራቸውን አያለሁ።

«ይሄም ይገድላል?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አንዳንዴ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ትውጪዋለሽ» አሉ። ዕንባዬን በሻርፓቸው ጠረጉልኝና ገንፎ ሊያገነፉ ወጡ።

በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ጋ ተመለስኩ፤ እማማ ጾማቸውን ይዘው ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ አብረውኝ ወጡ። መዳኑ እንደ ፊልም አልነበረም፣ አንድ ቀን ተነስቼ አልዘለልኩም። ብቻ አንድ ጠዋት ገንፎውን ቀምሼ «እማማ፣ ዛሬ ጨው በዝቶበታል» አልኳቸው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ መቀመጫ እስኪፈልጉ። «ከመጣሽ ጀምሮ እንደዚሁ ነው የምሠራው!» አሉኝ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ጣዕሙ አልደረሰኝም።

ለእናቴ የነገርኳት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያ ሌላ ወሬ ነው። እማማ ግን መምታቱን አልተዉም። ደሴ ሥራ አግኝቼ እስክወጣ ድረስ በየጠዋቱ ጠቅ ጠቅ፣ እኔም ውኃዬን ጆጉን ከፍ አድርጌ እቀዳ ነበር፣ ደህና አድርጎ እንዲሰማቸው። በወጣሁበት ጠዋት እኔ ቀድሜ መታሁ። ቶሎ አልመለሱልኝም። ሲመልሱ በቀለበቷ ሳይሆን በመዳፋቸው ነበር፣ ቀስ ብለው።

መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። ግቢውን ዘመዶቻቸው ወርሰውታል፤ የእኔን ክፍል አንድ ወጣት ተከራይቶታል፣ በሩ ላይ ቆሜ ቴሌቪዥኑን ሰማሁና ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ያን ቀን ጠመዝማዛውን እየወጣሁ ጉሙ ውስጥ እስክንገባ አለቀስኩ፤ ማልቀስ መቻሌም የእሳቸው ነው።

ይኸውልሽ፣ ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ሚስማሩን ጨርሶ ዝም ሲል ከአልጋዬ ወረድኩ። ወለሉ በረዶ ነው። ብርጭቆዬን ከወጥ ቤት አምጥቼ ግድግዳው ጥግ አስቀመጥኩ። ጆጉን እስከ ትከሻዬ ከፍ አድርጌ፣ ብርጭቆው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ውኃ ቀዳሁ።