ጓሮውን ያስመነጠርኩ ሰሞን

ባለቤቴ የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰበስብ ነበር። ሁሉንም አይደለም፤ አረንጓዴ ነገር የሚጠሩትን ብቻ። ስለ ሣር፣ ስለ ቅጠል፣ ስለ ሐረግ፣ ስለ ዱር የተባለ ቃል ሲያገኝ ከየት እንደመጣና ድሮ ምን ማለት እንደነበር ፈልጎ በደብተር ይጽፋል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ የኖረ የሻትል ሹፌር ነው። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ መሪው ላይ መዝገበ ቃላት ዘርግቶ ያነባል። መዝገበ ቃላቱን ዲኬተር ከተማ ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት ሲሸጡ አገኘው፤ እንደ ብሎኬት ይከብዳል፣ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ታስሯል።

ደብተሩን በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፍሎታል። መጀመሪያ ቃሉ፣ ቀጥሎ ታሪኩ። ሦስተኛው ዓምድ የእኔ ነበር። ወደ አሜሪካ ከመምጣታችን በፊት አማርኛ አስተማሪ ስለነበርኩ የአማርኛውን አቻ ከነአመጣጡ እንድሞላለት አስቦ ነው የተወልኝ።

«ቲቸር» ይለኛል ጠዋት፣ እኔ ብሩክሄቨን ለሥራ ልወጣ ስጣደፍ። እዚያ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንሶላ አጥብ ነበር። «ለምለም የሚለው ቃል ከየት መጣ?»

«ከመሬት» እለዋለሁ ጫማዬን እያሰርኩ።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ለምን ትጠይቀኛለህ? ረፍዶብኛል።»

ይስቃል። እኔም በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። እንዲህ እያልን ስንት ዓመት እንደሄደ አልቆጠርኩም። ዓምዱ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ባዶ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለታችንም ቤት ስንሆን ያገኘውን ያነብልኛል። ግሪን፣ ግራስ እና ግሮው፣ አረንጓዴው፣ ሣሩና ማደጉ፣ ሦስቱም ከአንድ ሥር የወጡ ወንድማማቾች መሆናቸውን ሲያውቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ደስ ብሎት ሰነበተ። ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ቨርዱር እና ስለ ፎሊየጅ፣ ስለ ልምላሜውና ስለ ቅጠሉ፣ ነገረኝ። እንግሊዝን ወርረው ከያዟት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ጌቶች የተገኙ ቃላት ናቸው።

«ገበሬው ሣሩን ሲያጭድ ግራስ ይላል» አለኝ። «ጌታው ያንኑ ሣር በመስኮት ሲያይ ቨርዱር ይላል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ሹፌር ነኝ። ሁለቱንም አሳፍራለሁ።»

ያን ጊዜ ግዕዝና አማርኛም እንደዚሁ ናቸው፣ ሐመልማል የሚለውን ቃል የማጀት ሰው አይናገረውም ልለው ፈልጌ ነበር። በአፌ ላይ ነበር። ድስቱ ገነፈለና ተነሣሁ። ተመልሼ አልነገርኩትም።

ስቶን ማውንቴን ያለው ቤታችን ጓሮው ሰፊ ነው። የፊት ለፊቱን ሣር ባለቤቴ ለጎረቤት ሲል ያጭደዋል። የኋላውን አይነካውም። ኩድዙ የሚባለው ሐረግ አጥሩን ወርሶታል፤ የዱር ወይኑ ፒካን በምትባለው ዛፍ ላይ ተጠምጥሟል፤ ከሥር ስሙን የማላውቀው ቅጠል ሁሉ ተደራርቦ በዚህ አገር በጋ ከመኝታ ቤታችን መስኮት አረንጓዴ እንጂ ሌላ ነገር አይታይም። ፀሐዩ እንኳ ወደ ክፍሉ የሚገባው በቅጠል ተጣርቶ ነው። እሱ ከሥራ ሲመለስ እዚያ መስኮት ጋ ቆሞ ሻዩን ይጠጣል። እኔ ግን አፍርበት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሰው ሲመጣብኝ መጋረጃውን እዘጋለሁ።

አንድ ቀን አጥር የምትጋራን አሜሪካዊት አሮጊት ጓሯችሁ ጃንግል ሆኗል አለችው። ደስ ብሎት ገባ።

«ጃንግል አለችን። በጥንቱ የህንድ ቋንቋ እኮ ጃንግል የደረቀ መሬት ነበር፣ ዛፍ የማይበዛበት። ቀስ በቀስ ነው ሰው ያላረሰው ዱር ሁሉ፣ ከዚያም ጥቅጥቅ ያለው ጫካ የተባለበት።»

«ለእሷ አትነግራትም?»

«ነገርኳት።»

«ምን አለችህ?»

«በሯን ዘጋች።»

ባለፈው ዓመት በጋ ላይ ታመመ። ጉበቱ ነበር። ሆስፒታል ሲገባ፣ ውጤቱን ለባለቤቴ ንገሯት ብሎ ፈርሞ ነበርና ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነገረኝ። የቀረው ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው አለኝ። እኔም እባክህ ለእሱ አትንገረው አልኩት። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ አይነገርም፤ ቤተሰብ ይይዘዋል፣ ታማሚው ደህና ትሆናለህ ይባላል። ሐኪሙ፣ ከጠየቀኝ አልዋሸውም፣ ካልጠየቀኝ ግን አልጀምርለትም አለኝ። ባለቤቴ አልጠየቀውም። የማንኛውንም ቃል መነሻ ሳያውቅ የማይተኛ ሰው ስለ ራሱ አንድ ነገር አለመጠየቁ ያኔ አላስገረመኝም። ተመስገን ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ ስላደረግኩት ነገር ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቻለሁ።

ከኮሪደሩ ወደ መኪናዬ ስሄድ ስለ እሱ አላሰብኩም። ስለ ድንኳን አሰብኩ። ዛሬ ዛሬ ሰው ለለቅሶ አዳራሽ ይከራያል። እሱ ግን አንድ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ለቅሶ ስንመለስ፣ በረራ የዘገየበት ሰው መሰልኩ ብሎኝ ስለነበር፣ ድንኳኑ በጓሯችን እንዲሆን ቆረጥኩ። ጓሮው ደግሞ መግቢያ የለውም። ሰው ሁሉ ሊመጣ ነው፣ ያንን ዱር ሊያይ ነው። ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ፣ ገና በሕይወት ያለ ባሌን አልጋ ላይ ትቼ፣ ላንድስኬፒንግ፣ ጓሮ ማጽዳት፣ ወደሚሠራ አንድ ያገራችን ሰው ደወልኩ።

ሰውየው መጥቶ ዞር ዞር አለና «ኦል ክሊን ነው የማደርግልሽ» አለኝ። «ዛፏንም ሪሙቭ ላድርጋት?»

«ዛፏ እንዳለች ትቅር።»

«ፕሮግራም አለሽ እንዴ? ሠርግ ነው?»

«እንግዳ ይመጣብኛል» አልኩት።

ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ማሽኑ ሲጮህ እኔ ሆስፒታል ከባለቤቴ አጠገብ ተቀምጬ ብርቱካን እልጥ ነበር። ማታ ስመለስ ፒካኗ ብቻዋን ቆማለች፤ ከሥሯ እስከ አጥሩ ድረስ ቀዩ አፈር ተገልጧል። በእርምጃ ለካሁት። ድንኳኑ ይበቃዋል፣ ወንበሩም ይተርፋል። ደስ አለኝ። ይህን ቃል ልቀይረው ሞክሬ ነበር፤ ሌላ የሚሆን ቃል የለም። ደስ አለኝ።

ከሆስፒታል ይመለሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጓሮው በተመነጠረ በአራተኛው ቀን ግን ሕክምናው ከዚህ በኋላ አይረዳውም፣ ቤቱ ይረፍ አሉን። አልጋውን አምጥተው መኝታ ቤታችን ውስጥ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ተከሉት። እሱ ሳይደርስ መጋረጃውን ዘጋሁ።

በነጋታው ጠዋት «ክፈችልኝ» አለኝ።

«ብርሃኑ ዓይንህን ይወጋሃል።»

«ቅጠሉ ያበርደዋል። ክፈችው።»

ከፈትኩት። ፀሐዩ ያለ ምንም ከለላ አልጋው ላይ ወደቀ። ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደገና ገለጠ። ጓሮውን ከአጥር እስከ አጥር አየው።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ።

«እባብ» አልኩ። «ጎረቤታችን እባብ አየሁ አለች። ልጃችን ስትመጣ እንዳይነድፋት ፈርቼ ነው።»

«ልጅቷ እኮ ሠላሳ ዓመቷ ነው።»

«ቢሆንስ?»

«እባብ ካለማ መቆረጥ ነበረበት» አለኝ። በዚያ ጓሮ ውስጥ ለዓመታት ሲመላለስ አንድም ቀን እባብ አይቶ አያውቅም። ደብተሩን እንዳቀብለው ጠየቀኝ፤ ሰጠሁትና ወደ ማጀት ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን አጥሚት በማንኪያ እያበላሁት ነበር። ወደ ውጭ እያየ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው፣ «ድንኳኑ ከአጥሩ በኩል ቢሆን ይሻላል» አለኝ።

ማንኪያው እጄ ላይ ቆመ። «የምን ድንኳን?»

«ፒካኗ ሥር ውሃ ይቋጠራል። ሰዉ እግሩ ይርሳል።»

«አጥሚቱ ይቀዘቅዝብሃል» አልኩት።

አየኝ። ከዚያ አፉን ከፈተልኝ፣ አጎረስኩት። ጨርሶም ጠጣው፤ ቀደም ባሉት ቀናት ግማሹን እንኳ አይጨርስም ነበር።

የወሬውን በር የከፈተልኝ እሱ ነበር። አዎ፣ ለድንኳኑ ነው ብዬ ማንኪያውን አስቀምጬ እጁን ብይዘው ኖሮ አብረን እናለቅስ ነበር። ስለ ልጃችን፣ ስለሚቀበርበት ቦታ፣ ስለዚያ ባዶ ዓምድ እንኳ እናወራ ነበር። እኔ በአጥሚት ዘጋሁት። እሱም ሁለተኛ አላነሣውም። ሐኪሙን እንዳይናገር ለምኜ፣ ጓሮውን ግን አልጋው ፊት ለፊት ዘረጋሁለት፤ ሞቱን ያነበበው ከእኔ ሥራ ላይ ነው። በሳምንቱ፣ ጠዋት ላይ፣ መጋረጃው እንደተከፈተ አረፈ።

ለቅሶ ላይ ሴቶቹ እንዴት ሆነ ሲሉኝ «ምንም ሳያውቅ፣ ሳይጨነቅ ነው የሄደው» አልኳቸው። «ተመስገን፣ እሱም አንድ ነገር ነው» እያሉ አጽናኑኝ። ለልጄም ያንኑ ነገርኳት። እሷ ከሁሉም ይልቅ በዚህ ተጽናናች። የእድራችን ሰብሳቢ ከሰዎቹ ጋር ድንኳኑን ተሸክሞ ሲመጣ፣ ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር።

«እትዬ፣ የት እንትከለው?» አለኝ።

ከአጥሩ በኩል ብል ለምን ሊለኝ ነው። ለምን ካለኝ ደግሞ ባሌ ያለኝን ልናገር ነው፤ ያን ከተናገርኩ ምንም ሳያውቅ ሄደ ያልኩት ሊፈርስ ነው። «እንዳያችሁት» አልኩ። ጥላ አለው ብለው ፒካኗ ሥር ተከሉት።

በማግሥቱ ዘነበ። ውሃው ከሁሉም አቅጣጫ ወደ ድንኳኑ ወረደ። የወንበሮቹ እግር ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፤ የአሮጊቶቹ ነጠላ ጫፉ ቀላ። አንዷ ጫማዋን አውልቃ እያራገፈች «ይቺ ጓሮ ውሃ እንደምትይዝ ማን ያውቃል?» አለች። እኔ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጬ ነበር። ሐዘኑ ነው ብለው ትከሻዬን ደገፉኝ።

ደብተሩን የከፈትኩት ከአርባው በኋላ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ፊደሉ ከመስመር እየወጣ የጻፈው አንድ ቃል አለ፤ ጓሮውን ካየ በኋላ የጻፈው እሱን ብቻ ነው። ቃሉ አፍተርማዝ ነው። ታሪኩን በአማርኛ እንዲህ ብሎ ጽፎታል፤ ማዝ ድሮ ማጨድ ነበር። ሣሩ ከታጨደ በኋላ የሚበቅለው ሁለተኛው ሣር። ዛሬ ሰዎች ከአደጋ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ይሉታል፣ ሣሩን ረስተውታል።

ከጎኑ የእኔ ዓምድ ባዶ ነው።

ይቅርታ አድርጎልኛል ብዬ ልተረጉመው እችል ነበር። አልደፈርኩም። ቃል ሰብሳቢ ሰው ነው፤ መስኮት ያሳየውን ጽፎ ይሆናል። ግን ዓምዱን መሙላት ጀምሬያለሁ፣ ከመጀመሪያው ገጽ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ለምለም የሚለው ብቻ አንድ ሳምንት ወሰደብኝ፤ ከመሬት የሚለውን መልሴን አስቤ ደጋግሜ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ለመጨረሻው ቃል አማርኛውን አውቀዋለሁ። ተቆርጦ እንደገና የሚወጣውን አቆጠቆጠ እንላለን። እስካሁን አልጻፍኩትም።

ባለፈው እሑድ የእድሩ ሰብሳቢ ስለ ሙት ዓመቱ ሊነጋገር መጣ። ልጄም ነበረች፤ ሶፋው ላይ ስልኳን ትነካካለች። ሦስታችንም ወደ ጓሮ ወጣን። ኩድዙው አጥሩን እንደገና ይዞታል፤ ቀዩ አፈር የሚታየው እዚህም እዚያም ነው።

«እንግዲህ እትዬ» አለ ሰብሳቢው፣ «ድንኳኑን ያው እንዳምናው ፒካኗ ሥር እናድርገው?»

«የለም። ከአጥሩ በኩል ይሁን።»

«እዚያማ ሐረግ ነው። ይመንጠር?»

«ለድንኳኑ የሚበቃውን ያህል ብቻ፣ እኔው በእጄ አነሣዋለሁ። እሱ ከአጥሩ በኩል ይሻላል ብሎ ነበር። ፒካኗ ሥር ውሃ ይቋጠራል አለኝ።»

ልጄ ከስልኳ ቀና አለች። «ማን ነው ያለው?»

«አባትሽ።»

«ዌይት፣ መቼ? ማሚ፣ ስለ ድንኳን መቼ ነው የነገረሽ?»

ሰብሳቢው ወደ መሬት አየ። ከዚያ የአጥሩን ርዝመት ልለካ ብሎ ራቅ አለልን። ከበረንዳው ላይ አንድ ወንበር ሳብኩና እንድትቀመጥ አደረግኳት። ከዘጋሁት መጋረጃ ጀምሬ ነገርኳት።