በበር የማይወጣው ጃኩዚ

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ዲሬክተሩ» ይለዋል። ዲሬክተር ሆኖ አያውቅም። እውነተኛው ዲሬክተር ታሞ ለሕክምና ሲሄድ፣ ለአሥራ አንድ ወር ወንበሩን እንዲጠብቅ ተደርጎ ነበር፤ ደብዳቤው ላይም «ተጠባባቂ» የሚለው ቃል በግልጽ ሰፍሯል። ባለወንበሩ ድኖ ሲመለስ ወንድሜ ወደ ንብረት ክፍሉ፣ ወደ ወረቀትና ስቴፕለር ቆጠራው ተመለሰ። ማዕረጉን ግን አልመለሰም። ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎት እንኳ ስልክ ሲያነሳ «ዲሬክተሩ ነኝ» ይላል።

እንደምንቀው አልደብቅም። መናቄም የዛሬ አይደለም። ልጆች ሳለን እሱ የበኩር ልጅ ነው ተብሎ ዕቃ አይሸከምም ነበር። ገበያ ስንላክ ዘንቢሉን እኔ እይዛለሁ፣ እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ከፊቴ ይሄዳል። ሰው ሲያጋጥመን «ቲማቲም ገዝቼ መምጣቴ ነው» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። እማዬ ደግሞ ያንን ጉራ እንደ ትልቅ ሰውነት ነበር የምታየው። በአራት ዓመት የሚበልጠኝን ልጅ «ጋሼ» ብዬ እንድጠራው ያስለመደችኝ እሷ ናት። እስከ ዛሬ እጠራዋለሁ፤ አፌ ስለለመደ ብቻ።

ጃኩዚውን ያመጣው በእነዚያ አሥራ አንድ ወራት ነው። ያኔ ቤቱን እያሠራ ነበር። ዲሬክተር የሆነ ሰው ቤቱ ጃኩዚ ከሌለው ምኑን ዲሬክተር ሆነ ብሎ፣ ሊዘጋ ከተቃረበ ሆቴል ስድስት ሰው የሚይዝ ያገለገለ ገንዳ ገዛ። ወርዱም ርዝመቱም ሁለት ሜትር ከአሥር፣ ከፍታው ዘጠና ሳንቲሜትር ነው። ቀለሙ የታመመ ሰው ፊት ይመስላል። የምድር ቤቱ ሦስት ግድግዳ ቆሞ፣ አራተኛው ሳይገነባ፣ ፎቁም ሳይጣልበት፣ በጠራራ ፀሐይ በክሬን አስወረደው፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ እንዲያይ። ከዚያ በኋላ አራተኛውን ግድግዳ አስገነባና ሰማንያ ሳንቲሜትር በር አስገጠመ። ግንበኛው «ጌታው፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን ቢበላሽ በየት በኩል ይወጣል?» ብሎት ነበር አሉ። ወንድሜ «የእኔ ዕቃ አይበላሽም» አለው።

ስድስት ሰው የሚይዘው ገንዳ ስድስት ሰው ይዞ አያውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቱ ሦስት ሰዎች ጋበዘ። አንዱ ተቃጠልኩ ብሎ ዘሎ ወጣ፣ አንዱ ሰዓቱን ሳያወልቅ ገብቶ ሰዓቱ ተበላሸበት፣ ሦስተኛው ሸሚዙን ማውለቅ አፍሮ ዳሩ ላይ ተቀምጦ እግሩን ታጠበ። በሁለተኛው ዓመት ሞተሩ ተቃጠለ፤ መለዋወጫው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ለአሥራ ሁለት ዓመት ጠብታ ውሃ ያላየ ገንዳ ነው። ወንድሜ ግን አበባ ያለበት ጨርቅ አልብሶት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እየገለጠ ያሳያል። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው። አስተዋይ ሴት ነበረች።

ባለፈው ዓመት እማዬ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ከሆስፒታል ስትወጣ የዲሬክተሩ ባለፎቅ ቤት አልገባችም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለችው ባለአንድ ክፍል ቤቴ መጣች። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር የከፈትናትን ሱቅ ለጓደኛዬ ትቼላት፣ የስፌት መኪናዬን አልጋው ግርጌ አምጥቼ ተከልኩና ስምንት ወር ከእማዬ ጋር ተዘጋሁ። አጠብኳት፣ አገላበጥኳት፣ ሽንት ቤት ደግፌ አመላለስኳት። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መሬት መርገጥ። «ደጅ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ሳልል ልሞት ነው» ትለኝ ነበር በየቀኑ። ሐኪሙም ካልተራመደች እግሯ እንደዚሁ ደርቆ ይቀራል ብሎናል፤ የእኔ ክፍል ደግሞ ከአልጋው እስከ በሩ አራት እርምጃ ነው።

ከቤተሰቡ ሁሉ ምድር ላይ ክፍል ያለው ዲሬክተሩ ብቻ ነበር። ሄጄ ጠየቅሁት።

«በደስታ!» አለ። «እናቴ አይደለች እንዴ? ጃኩዚው ይውጣ እንጂ ነገውኑ ትግባ።»

ጃኩዚው አልወጣም፣ ነገም አልመጣም። ወንድሜ ገንዳው ሳይቆረጥ፣ እንደገባ በሙሉ አካሉ እንዲወጣ ነበር የሚፈልገው። አናጢ አስመጣ፤ ለካው። መሐንዲስ አስመጣ፤ ለካው። በመጨረሻ ራሱ ሜትር ገዝቶ ጠዋት ጠዋት ይለካው ጀመር፣ አድሮ የሚከሳ ይመስል። ስደውልለት «ጥናት ላይ ነን» ይለኛል። «ነን» የሚለው እሱንና ሜትሩን ነው።

«ጋሼ፣ እማዬ እግሯ እየደረቀ ነው እኮ» አልኩት አንድ ቀን።

«አውቃለሁ። ግን ይሄ የትም የማይገኝ ዕቃ ነው። አንዴ ከተቆረጠ በቃ ተቆረጠ ነው።»

«የእሷ እግርስ ይገኛል?»

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ማጣደፍ ትወጃለሽ» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

በማግስቱ አፍራሽ ይዤ ቤቱ ሄድኩ። አፍራሹ ስልሳ የሚጠጋው ቀጭን ሰው ነው፤ አሮጌ ቁም ሣጥን፣ ታንከር፣ ምድጃ፣ በር የማያሳልፈውን ሁሉ በየቤቱ እየቆራረጠ ያወጣል። ዲሬክተሩ የጡረተኞች ስብሰባ ሄዶ ነበር፤ ቁልፉ እኔም ዘንድ አለ። አፍራሹ ጨርቁን ገለጠ፣ ገንዳውን በጣቱ አጥንት ኳ ኳ አደረገው፣ ግድግዳው ላይ ካለው የመብራት ሳጥን የጃኩዚውን መስመር አጠፋ፣ የተቃጠለውን ሞተር ከሽቦው ለያየ፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ፈታ። እኔ ከደስታ ብዛት የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል። ከዚያ መጋዙን አወጣና መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ባለቤቱ የታሉ?» አለኝ።

«የሉም። እኔ እህታቸው ነኝ። ይቁረጡት እርስዎ።»

«አይ እህቴ፣ የመጀመሪያውን እኔ አልቆርጥም። የሚያስጀምረኝ ባለቤቱ ነው። በገዛ እጁ አንድ ስንዝር ይቆርጣል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ሥራ ነው።»

«ምን ዓይነት ሥርዓት ነው ደግሞ ይሄ?»

«ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው በዚህ ሥርዓት። አንዷ ባሏ ሳይኖር የአባቱን ቁም ሣጥን አስቆረጠችኝ። ሰውዬው መጥቶ ቁራጩን አቅፎ አለቀሰ አለቀሰና እኔን ጣቢያ ወሰደኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ‹ሳልፈልግ ቆረጠብኝ› እንዲለኝ አልፈልግም።»

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ወንድሜን ደግሞ አውቀዋለሁ። ለእሱ ከተተወ ሜትሩን ይዞ ሌላ ዓመት ይለካል፣ እማዬም አራተኛ ፎቅ ላይ እንደተኛች ትቀራለች። ቆሜ ያንን ክፍል ዙሪያውን አየሁት። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ፀሐይ ሙሉ ቀን ይገባዋል፣ ከበሩ እስከ ውጭው ደጅ አንድ ደረጃ እንኳ የለም። ይሄ ሁሉ የተያዘው በአንድ ደረቅ ገንዳ ነው።

«እስክመለስ ይጠብቁኛል?» አልኩት።

«ሻይ ካለ» አለኝ።

ሻዩን ጥጄለት ወደ ቤት በረርኩ። ጎረቤቴን ዳቦ ጋጋሪውንና የሕንፃችንን ዘበኛ ለምኜ እማዬን በወንበር አራቱን ፎቅ አወረዱልኝ። በየደረጃው «ቀስ በሉ እንጂ፣ ጆንያ መሰልኳችሁ?» ትላለች። ፍራሿን ታክሲው ጣሪያ ላይ አሰርኩ። ዳቦ ጋጋሪው አብሮን መጣ።

በዲሬክተሩ ምድር ቤት ከገንዳው ሌላ አልጋ ይቅርና በርጩማ የሚያሳርፍ ቦታ የለም። እኔም ፍራሹን ገንዳው ውስጥ ዘረጋሁት። ከዳቦ ጋጋሪውና ከአፍራሹ ጋር ተጋግዘን እማዬን በቀስታ አስተኛናት፣ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

«ምን ማለትሽ ነው አንቺ?» አለችኝ።

«ክፍልሽ ነው እማዬ። ጋሼ ጥናቱን እስኪጨርስ እዚህ ትተኛለሽ።»

ዳር ዳሩን ዳበሰችው። «ደልዳላ ነው» አለች። «ግን ሬሳ ሣጥን አይመስልም?»

ጎረቤቶቹ መምጣቷን ሰምተው ሊጠይቋት ገቡ። እግዜር ይማርሽ ሊሉ የመጡ ሴቶች፣ አሮጊቷን ገንዳ ውስጥ ተጋድማ ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የገባው አይወጣም፣ ያልገባው በመስኮት ያያል። ዲሬክተሩ ከስብሰባው ሲመለስ በሩ ላይ ያገኘው ይሄንን ሕዝብ ነው። ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ ለብሷል።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«መጣህ የኔ ጌታ? ና እስቲ ሳመኝ» አለች እማዬ ከገንዳው ውስጥ።

ሊስማት ጎንበስ ሲል ክራባቱ ፊቷ ላይ ተንጠለጠለ። ያኔ ከጎረቤቶቹ አንዷ፣ ሰፈሩ ሁሉ አንደበቷን የሚፈራት ሴትዮ፣ «ዲሬክተር፣ እናትዎን ገንዳ ውስጥ ነው እንዴ የሚያስተኙት?» አለችው። ለእናቱ እግር ስምንት ወር ያልደነገጠ ሰው፣ ለአንድ ጎረቤት አፍ ላብ በላብ ሆነ።

«ጊዜያዊ ነው» አለ። «ጊዜያዊ ዝግጅት ነው። ገንዳው እኮ ዛሬ ሊነሳ ነው።»

አፍራሹ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ መጋዙን በሁለት እጁ አቀረበለት። «እንግዲያው ያስጀምሩኝ፣ ጌታው» አለ።

እማዬን ከነፍራሿ ወደ ኮሪደሩ አወጣናት፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ሁሉን ታያለች። ወንድሜ ኮቱን አወለቀ፣ በሥርዓት አጠፈው፣ የሚያስቀምጥበት ሲያጣ እኔን አስያዘኝ። ከዚያ መጋዙን ገንዳው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ሁለት ጊዜ ወደፊት፣ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ስቦ ቆመ። ዙሪያውን ሰዎቹን አየ። እንደገና ሳበ። እንባው በጉንጩ ወረደ። እማዬ ስትሰበር ያላለቀሰ ሰው ለፕላስቲክ አለቀሰ። ከዚያ በፊት የናቅሁት ንቀት ሁሉ ተደምሮ የዚያን ሰዓቱን አያክልም። ስንዝር ሲሞላ አፍራሹ «ይበቃል» ብሎ ተቀበለው፤ ጎረቤቶቹም አጨበጨቡ። ዲሬክተሩ እጅ ነሳ።

ቀሪውን አፍራሹ በኤሌክትሪክ መቁረጫ፣ አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ፣ ስምንት ቦታ ከፈለው። ከሥሩ የበሰበሰ ስፖንጅ፣ የአይጥ ጎጆና የአንድ እግር ካልሲ ወጣ። አቧራው ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያሳክካል፤ ሳምንት ሙሉ ክንዴን ስፎክት ከረምኩ። ሞተሩንና ብረቱን ብረት ሰብሳቢ ወሰደው። ፕላስቲኩን ግን ቆሻሻ የሚያነሱት ሰዎች «ይሄ ቆሻሻ አይደለም፣ ቤት ነው» ብለው እምቢ አሉ። እኔና አፍራሹ በጋሪ ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ትልቁ መጣያ ድረስ ወስደን ጣልነው። ዲሬክተሩ በረንዳ ላይ ቆሞ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ይል ነበር።

እማዬ ገባች። አልጋዋ መስኮቱ ሥር ተዘረጋ። በሦስተኛው ሳምንት በምርኩዝ ቆመች፤ በሁለተኛው ወር ደጁ ላይ ወንበር ወጣላትና አላፊ አግዳሚውን ሰላም ማለት ጀመረች። የፈለግሁት ይሄንን ነበር፣ አገኘሁት፣ ደስ ብሎኛል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ግን ታስቀምጥና ትነግረዋለች። «ልጄ በገዛ እጁ ነው የቆረጠልኝ። ያን የመሰለ ዕቃ! እያለቀሰ! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።» ውሸት ነው አይባል። ዲሬክተሩም ዓይኑን በጨው አጥቦ ከጎኗ ይቆምና «ለእናት ምን ይሠሰታል?» ይላል።

ጠዋት ጠዋት ሄጄ ገላዋን የማጥብ፣ አንሶላዋን የምለውጥ፣ ቁርሷን የምሠራ አሁንም እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ እግሯን በቅባት እያሸሁላት ያንኑ ታሪክ እንደገና ጀመረችልኝ። አልቻልኩም።

«እማዬ፣ አፍራሹን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከአራተኛ ፎቅ ያወረድኩሽም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ፤ አንቺማ ጎበዝ ነሽ» አለች፣ ጸጉሬን እየደባበሰች። «እሱ ግን የሚወደውን ነው የሰጠኝ። አንቺ ብትሆኚ ትቆርጪልኝ ነበር?»

በቅንነት ነው የጠየቀችኝ። ፊቷን አየሁት፣ መልሴን እየጠበቀች ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ከአልጋዋ ግርጌ ያልተነሳሁት የምወደው ነገር ስለሌለኝ መስሏታል። ቅባቱን እንደገና መዳፌ ላይ አፈሰስኩ።

«ሌላኛውን እግርሽን አምጪ» አልኳት።