ታንከሩን አሳንሰው!

ባለፈው እሁድ ከሰዓት... ለሚ ኩራ፣ የኮንዶሚኒየማችን መሰብሰቢያ ቤት ውስጥ ታጭቀናል። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው። ለብሎካችን ከነፓምፑ የተገዛው ትልቁ የውሃ ታንከር የት ይቀመጥ?

ቀላል ይመስላል አይደል? በዚህ ጉዳይ ስብሰባ ተበትኗል፣ ሰው ተኳርፏል። ማን መስኮቱ ሥር ይፈልገዋል? እኔ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነኝ... ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ መውጣት አንገፍግፎኛል። የትም ይቀመጥ፣ ብቻ ይቀመጥ!

ስለዚህ የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ጋሽ ቶሎሳ «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ፣ በስክሪን አሳየንና ገላግለን» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ብሎካችንን ከፊት ለፊት ፎቶ አነሣሁ፣ የታንከር ፎቶ ከኢንተርኔት አወረድኩ፣ ደራርቤ ስላይድ ሠራሁ።

እኔ የምጠቀምበት ፕሮግራም ሥዕል በማውስ አይጎተትበትም። ትእዛዝ ነው የሚጻፍለት። ይህን ያህል ወደ ግራ፣ መጠኑን በግማሽ... ትጽፋለህ፣ ይታዘዛል።

ፕሮጀክተሩ በራ። ታንከሩ እትዬ ለተብርሃን መስኮት ሥር ጉብ ብሏል። ቤታቸው ግራውንድ ላይ ነው። ብድግ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ በቁሜ ልትቀብረኝ ነው? ወደዚያ በለው!»

ወደ ግራ ብዬ ጻፍኩ። ታንከሩ ሄደ።

«እንዴ! ይሰማል እንዴ?» አሉ እትዬ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለዋል? ሁሉም አዛዥ ሆነ። «ከመኪናዬ ላይ አንሣው!» «ወደ ቀኝ!» «ኧረ በሩን ዘጋኸው!» ስቸኩል የመቀነሻ ምልክት ረሳሁና ወደ ታች ያልኩት ታንከር ጣሪያ ላይ ወጣ።

«እዚያማ ጥሩ ግፊት ይኖረዋል» አሉ ጋሽ ቶሎሳ... የምራቸውን።

መጠኑን ላስተካክል ስል ደግሞ ነጥቧን ሳትኩ። 0.4 መሆን የነበረበት 4 ሆነ። ታንከሩ አብጦ ብሎኩን ከነነዋሪው ዋጠው።

«ኡኡ! አሳንሰው! በማርያም አሳንሰው!» እትዬ ለተብርሃን ናቸው።

ደንግጬ የጻፍኩትን ሁሉ አጠፋሁና 0.2 ብቻ አልኩ። ታንከሩ መጀመሪያ ወደነበረበት፣ እትዬ መስኮት ሥር ተመለሰ... ግን የአበባ ማስቀመጫ አክሎ።

እትዬ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። «እንዲህ ከሆነማ ምን አስቸገረኝ? እንዲያውም ያምራል።»

«እትዬ፣ ያነሰው እኮ ሥዕሉ ነው እንጂ...»

«አንተ ልጅ!» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ስንት ተጣልተን የተስማማነውን ልታፈርስ ነው?» እጅ ወጣ። ተጨበጨበ። እኔም ጀሪካኔ ትዝ አለኝና... ጭጭ።

ትናንት ጠዋት ታንከሩ በጭነት መኪና መጣ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከእኔ ቁመት በላይ። ልክ በተስማማንበት ቦታ አራግፈውት ሄዱ።

የእትዬ መስኮት የለም። ከታንከሩ ጀርባ ግን ድምፅ ይሰማል።

«አንተ ልጅ!... ኮምፒውተርህን ይዘህ ና!»

«እትዬ፣ ይኼ እውነተኛው ነው፣ አይታዘዝም...»

«እሁድ ሲታዘዝህ አልነበር? አሳንሰዋ!»

ሳቄ መጣ፣ ግን እንዴት ይሳቃል? ጋሽ ቶሎሳ ታንከሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ኮታቸውን አወለቁ። «በሉ፣ ግፉ!»

ባዶ ቢሆንም አይቀመስም። ጎረቤቱ ሁሉ ተረባርቦ እያንከባለልን፣ እትዬ ለተብርሃን ነጠላቸውን አደግድገው ከፊታችን ቆመው «ወደ ግራ!... በጣም አይደለም!... ትንሽ መለስ!» እያሉ፣ ከጥበቃው ቤት ጀርባ የማንም መስኮት የሌለበት ቦታ አቆምነው። ወገባችንን ይዘን ተያየን። ይኼ ቦታ እስከዛሬ የት ነበር?

እትዬ ለገፋነው ሁሉ ሻይ በዳቦ አቀረቡ። ለእኔ ሁለት ዳቦ። «ልጄ፣ አልተቀየምከኝም አይደል?»

«ኧረ በፍጹም እትዬ!»

አሁን ታንከሩ ቦታውን ይዟል፣ የተኳረፈው ሁሉ ታርቋል... ውሃው ብቻ ነው እስካሁን ያልመጣው።