የጄሪካን ዝናብ

ዛሬ ቡታጅራ ገበያ ላይ አንዲት ሴት ቅቤ የጠቀለለችበትን የእንሰት ቅጠል ስትፈታ፣ እርጥብ ሽታው ወደ አሥራ ስድስት ዓመቴ መለሰኝ።

እኔና ጓደኛዬ ሰሚራ ከክፍላችን ልጆች ጋር ተራራ ላይ ልናድር ነበር። የዕድሩን ትልቅ ድንኳን ተውሰን እየጎተትን አክስቴ ቤት መጣን። አክስቴ አየችውና፣ "ለቀስተኛም ጠርታችኋል?" አለች። ድንኳኑን አስቀምጣ፣ በምትኩ ከጓሮ የእንሰት ቅጠል አስቆረጠችን። በእንጨት ላይ ደራርበን ትንሽ ጎጆ ሠራን።

"ግቡ። ካልረጠባችሁ ነገ ትሄዳላችሁ፤ ከረጠባችሁ እዚሁ ትቀራላችሁ" ብላ ከላይ በጄሪካን ውሃ ታፈስብን ጀመረች።

ውስጥ አፋችንን ይዘን እንስቃለን። አንዲት ጠብታ ማጅራቴ ላይ አረፈች። ሰሚራ ቶሎ ብላ በሻርፗ ጠረገችልኝ።

"እንዴት ናችሁ?" አለች አክስቴ ከውጭ።

"ደረቅ ነን።"

ጄሪካኑ እንደገና ሲነሳ ሰማን።