የስድስት ጎረቤት ሳጥን በአንድ መደርደሪያ

በዚህ መንገድ ላይ የታመነ ሰው ማን ነው ቢባል ጣት ሁሉ ወደ ልብስ ሰፊው ይቀሰራል። የጎረቤቱ ሁሉ የቤት ቁልፍ እሱ ጋ ነው። የታክሲ ሾፌሩ አማት መነጽራቸው እንዳይጠፋ ብለው እሱ ጋ አስቀምጠው፣ ሁለት ወር ሙሉ ግድግዳ እየዳበሱ ከርመዋል።

ይህ ሰው የልብስ ጠርዝ የሚዘመዝምበትን ማሽን ለሌላ ሰፊ ሸጦ አንዲት ትንሽ ሳጥን ገዛ። ሳጥኗ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝታ ሌት ተቀን ከሠራች፣ አለቃ የሌለው አንድ የክሪፕቶ መረብ በየሳምንቱ ቶክን የሚሉትን፣ ወደ ብር የሚመነዘር የኢንተርኔት ገንዘብ ይሸልማታል። ቶክኑ ሲጠራቀም ማሽኑን መልሶ ሊገዛ ነው። ገዢውም «እስከ ወሩ መጨረሻ ለማንም አልሸጥብህም» ብሎታል።

ሁለት ሳምንት ሽልማቱ ገባ። ወሬው ከኢንተርኔቱ ፈጠነ። ሰዓት ሠሪው፣ ፎቶ አንሺዋ፣ ሾፌሩና ሌሎች ሁለት ጎረቤቶችም ገዙ። ግን ማን ቤቱ ያስቀምጣል? «ልጆቹ ይነካኩብኛል፣ አንተ ጋ ይሁንልኝ ወንድሜ።» ስድስት ሳጥን መደርደሪያው ላይ ተደረደረ። ሱቁ ከመሞቁ የተነሳ ልብስ ያለ ካውያ ይተኮስ ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት መጣ፦ ስድስቱም ሳጥን የሚሠራው ከአንድ ቤት ነው፤ ስለዚህ ስድስታችሁም አንድ ሰው ናችሁ፤ ሽልማት ለማብዛት ስድስት መስላችኋል። እስከ ዓርብ ሳጥኖቹ በየባለቤቶቻቸው ቤት ካልሆኑ የተጠራቀመው ይሰረዛል።

«እኔና ጋሼ አንድ ሰው?» አለች ፎቶ አንሺዋ። «ቢያንስ ፎቶ ይዩ እንጂ!»

«ኃላፊውን እናናግረው» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ኃላፊ የለውም» አለ ልብስ ሰፊው።

«ምክትሉስ?»

«እሱም የለም። ሕጉ ራሱ ነው የሚፈርደው።»

«ታዲያ የማንን እግር ነው የምንስመው?»

ዓርብ ጠዋት የጎረቤቶቹን አምስት ሳጥን በከረጢት ተሸክሞ ዞረ። ሰዓት ሠሪው «እኔ ጋ መብራት ይቋረጣል፣ አንተው ጋ ይሻላል» አለው። ፎቶ አንሺዋ «አከራዬ ካየችው ቦምብ ነው ብላ ታባርረኛለች፣ ጋሼ» አለች። ሾፌሩ ቤት አልነበረም፤ አማቱ ግን በር ላይ ያዙት። «ልጄ፣ የሰው አደራ መልሰህ የምትጥለው ምን አድርገንህ ነው?» ብለው ሳጥኑን መልሰው አሸከሙት።

«እባካችሁ፣ በየቤታችሁ ካልሆነ ሁላችንም እናጣለን!» ቢል ቢለምን፣ «አይዞህ፣ እኛ እናምንሃለን» ይሉታል። ማታ አምስቱንም ይዞ ተመለሰ።

ቅዳሜ ስልኩን ሲከፍት ዜሮ። ሚስቱ ከትከሻው በላይ አየችና «አንዱን አንተን ያልቻልኩት ሴትዮ፣ ስድስት ሆነህ መጣህብኝ?» አለች። ከዚያ ፊቱን አይታ ወንበር ሳበችለት።

የወሩ የመጨረሻ ቀን ገዢው ደወለ። «ማሽኑን ሌላ ሰው ፈልጎታል፤ ምን ልበለው?»

ልብስ ሰፊው ስልኩን በትከሻው ደግፎ የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ በመርፌ ይዘመዝማል። ሠላሳ ዘጠኝ እጅጌ ይቀሩታል።

«ስጠው» አለ።