ለይለፍ ቃል የተላኩ ሽማግሌዎች

ናጃህ ሙዝደሊፋ ልትፈታው የተነሳችው ችግር ሲነገር ቀላል ነው፤ አንድ ገጽ ወረቀት ማተም። ወረቀቱ የትርንጎ የውጤት ማስረጃ ነው። ትርንጎ በ2004 ዓ.ም. ቡታጅራ ውስጥ ካለ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ በአዋላጅ ነርስነት ተመርቃ፣ ከዚያ ወዲህ ቆሼ በምትባል ጎረቤት ከተማ እናቶችን ታዋልዳለች። ዘንድሮ የዲግሪ ትምህርት ተፈቅዶላታል። ኮሌጁ የውጤት ማስረጃዋን እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልላከ ግን ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ሁለት ጊዜ አመልክታ ሁለቴም ሳይሳካላት ቀርቶ ነበር፤ ይኼ ሦስተኛዋ ነው።

ናጃህ የኮሌጁ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ካለ የመስቃን ገበሬ ቤት ተወልዳ፣ ወልቂጤ ተምራ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ተቀጠረች። ዋይፋይ ሲጠፋ፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲያኝክ፣ የመምህራን ላፕቶፕ ሲቆለፍ የምትጠራው እሷ ናት። ከሬጅስትራር ቢሮ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ማንም እንድትነካው ያልነገራት አንድ ጥቁር ማሽን ነበር፤ ቁመቱ ከወገቧ በላይ፣ ድምፁ እንደ ወፍጮ። ድሮ አንድ ድርጅት አገልግሎት ላይ አውሎ ለኮሌጁ የለገሰው ሰርቨር ነው። የሚሠራው ዩኒክስ በሚባል የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ነው፤ አምራቹ በውድ የሚሸጠውና በየዓመቱ የሚያስከፍልበት ዓይነት። ክፍያው ከተቋረጠ ቆይቷል። ከ2000 እስከ 2010 የተመረቁት ሁሉ ውጤት ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። የወረቀት ካርዶቹን ምስጥ ጨርሷቸዋል።

ግንቦት አሥራ አንድ፣ ሰኞ፣ ትርንጎ ከቆሼ በሁለት ሚኒባስ መጥታ የናጃህን ክፍል በር ገፋ አደረገች።

«ናጃህዬ፣ ዛሬስ?»

«ዛሬም እምቢ አለ።»

«ምን እያለ ነው እምቢ የሚለው?»

«ቦታ የለኝም እያለ።»

ትርንጎ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ይኼን የሚያህል ቁም ሣጥን? እኔ ቆሼ ላይ ሦስት እናት በሁለት አልጋ አስተኛለሁ። ቦታ የለም ብዬ አንዲትም አልመለስኩ።»

ናጃህ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ማሽኑ የሚለው እውነት ነበር። እንዲህ ያለ ሰርቨር ጥቁር ስክሪን ያሳይና ሰው የሚጽፍለትን ትእዛዝ ይጠብቃል፤ የሚጫኑት ሥዕል የለውም። df ብለው ቢጽፉለት ዲስኩ በክፍል በክፍል ምን ያህል እንደሞላ ይዘረዝራል። ዲስኩ እንደ ቤት ነው፤ መኝታው፣ ጓዳው፣ ሳሎኑ በግድግዳ ተለይቷል። ሳሎኑ ባዶ ሆኖ ጓዳው ሊጨናነቅ ይችላል። የናጃህ ማሽን /var የሚባለው ክፍል መቶ በመቶ ሞልቶ ነበር። ማሽኑ የዕለት ማስታወሻውን የሚጽፈው እዚያ ስለሆነ፣ እዚያ መጻፍ ሲያቅተው የተማሪዎቹ መዝገብ አልከፈት አለ።

ደስ የሚለው ነገር፣ ይህ ዩኒክስ በአንድ መስመር ትእዛዝ፣ ሰው እየሠራበት ሳለ፣ ግድግዳውን ገፋ አድርጎ ጓዳውን ማስፋት ይችላል። ጣሪያ ማንሳት የለ፣ ዕቃ ማውጣት የለ! ናጃህ ይህን አንብባ ከወንበሯ ተነሥታ ነበር። ትእዛዙን ስትጽፍ ማሽኑ «አልተፈቀደልሽም» አላት። ግድግዳ መግፋት የሚችለው root የሚባለው ባለ ሙሉ ሥልጣን መለያ ብቻ ነው። የእሱን የይለፍ ቃል የሚያውቀው ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው።

ያ ሰው ይድነቃቸው ነው። ማሽኑን የተከለው፣ አሥር ዓመት ያስታመመው እሱ ነበር። በ2011 ኮሌጁ አዲስ ሲስተም ሲያስገባ፣ የዚያን ጊዜው ዲን በስብሰባ መሃል «ይኼን ቆርቆሮ አውጡልን» አሉ። ይድነቃቸው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። አሁን እምድብር፣ ከእንሰት ማሳው ዳር ይኖራል።

ናጃህ ደወለችለት።

«ጋሽ ይድነቃቸው፣ ናጃህ እባላለሁ፣ ከኮሌጁ ነኝ።»

«የት ኮሌጅ?»

«ቡታጅራ። የሰርቨሩን ፓስወርድ ፈልጌ ነበር።»

«ሰርቨር አላችሁ እንዴ? እኔ የማውቀው ቆርቆሮ ነው። ደግሞ ረስቼዋለሁ።» ስልኩን ዘጋው።

በሌላ መንገድ ለመግባት ሞከረች። እንዲህ ያለውን ማሽን ከመጫኛ ዲስኩ አስነስቶ የይለፍ ቃሉን መቀየር ይቻላል፤ ዲስኩ የት እንዳለ ግን የሚያውቅ ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ የንብረት ክፍሉን በረበረች። ያገኘችው የፕሪንተር ቀለምና የሞተች አይጥ ነው። በሦስተኛው ቀን ለአጎቷ ለሸምሶ አወራችው። ሸምሶ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ የሚነግድ፣ ጠብ ሲኖር መሃል የሚገባ ሰው ነው።

«እና ለተቀየመ ሰው ስልክ ደወልሽ?» አላት።

«ምን ላድርግ ታዲያ ጋሼ?»

«ሽማግሌ ይላካላ!»

«ለፓስወርድ?»

«ሰውየው ተሰድቧል። ፓስወርዱን ተዪው፣ እሱ ስድቡ ውስጥ ነው ያለው።»

ግንቦት አሥራ ሰባት፣ እሑድ፣ ሸምሶ ሁለት አዛውንቶች ይዞ በአገና በኩል ዞሮ እምድብር ገባ። ይድነቃቸው አክብሮ አስቀመጣቸው፣ አብልቶ ሸኛቸው፣ ስለ ማሽኑ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ሰው መጀመሪያውኑ አልተቀየመም ማለት ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሲመለሱ ጥያቄውን ተናገረ፤ ኮሌጁ ይቅርታ ይበለኝ።

ናጃህ ወደ ዲኗ ወደ ወይዘሮ ረድኤት ሄደች። ዲኗ በትር እንዳረፈበት ሰው ደነገጡ።

«እኔ መች ሰደብኩት? ሰውየውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም!»

ሸምሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እርስዎማ አልሰደቡም፣ እትዬ። ሰዳቢው ሄዷል። ወንበሩ ግን ይኸው፣ እርስዎ ተቀምጠውበታል። ይቅርታ የሚለው ወንበሩ ነው።»

ናጃህ ግድግዳውን ተደግፋ ጣሪያውን አየች። አንድ መስመር ትእዛዝ፣ አንድ ገጽ ወረቀት፣ ሦስት ሽማግሌ፣ አሁን ደግሞ ወንበር። ትርንጎ በየሰኞው ትመጣለች፤ ፈረቃዋን እየቀያየረች፣ በአቧራው እየነጣች። ሰኔ አንድ ቀን ዲኗ እምድብር ወርደው ይቅርታ ጠየቁ። ሰኔ ሦስት ይድነቃቸው ኮቱን ለብሶ፣ በዘመድ መኪና ኮሌጁ በር ላይ ደረሰ።

«በቃል ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፈው» አለችው ናጃህ።

«ረስቼዋለሁ አልኩሽ እኮ። ውሸት መሰለሽ?»

እውነት ነበር። ቃሉን ከአፉ ማውጣት አልቻለም። ወንበሩን ሳበ፣ ኪቦርዱን አስጠጋ፣ ዓይኑን ጨፈነና ጣቶቹን ለቀቃቸው። የመጀመሪያው አልሠራም። ሁለተኛውም። «ኪቦርዱ ተቀይሯል፣ የድሮው ጠንካራ ነበር» ብሎ አጉረመረመ። በሦስተኛው ስክሪኑ ላይ የ root ምልክት ብልጭ አለች። ናጃህ ወዲያው አዲስ የይለፍ ቃል አስገባችና ጽፋ በፖስታ አሽጋ በሬጅስትራሩ ካዝና አስቀመጠች። ለማንም ሰው የሚመከረው ይኼው ነው፤ የአንድ ማሽን ቁልፍ በአንድ ሰው ጣት ውስጥ አይቀመጥም።

ግድግዳውን ከመግፋቷ በፊት ግን ጓዳውን የሞላው ምን እንደሆነ ማየት ፈለገች። ጥሩ ባለሙያ እንዲህ ነው፤ ቦታ ከመጨመር በፊት ቦታውን የበላውን መጠየቅ። ለዚህ du የሚባል ትእዛዝ አለ፤ እያንዳንዱን ዕቃ እየመዘነ ክብደቱን ይነግራል። ከሁሉም የከበደው አንድ ፋይል ነበር፤ የ root የደብዳቤ ሳጥን።

የዩኒክስ ማሽን ለአስተዳዳሪው ደብዳቤ ይጽፋል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው! በቀጠሮ የሚሠራ ሥራ ሲበላሽበት ምን እንደገጠመው በዝርዝር ጽፎ በዚያው በማሽኑ ውስጥ ባለ ሳጥን ያስቀምጣል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ አንባቢ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ናጃህ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከፈተች። ቀኑ ይድነቃቸው ከወጣ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። «የመጠባበቂያ ቅጂ መውሰድ አልቻልኩም፤ ካሴቱ ሞልቷል» ይላል፤ ከሥሩ ያልተገለበጡት ፋይሎች ስም አንድ በአንድ ተዘርዝሯል። ሁለተኛው እንደዚያው። መቶኛው እንደዚያው። ከሁለት ሺህ በላይ ደብዳቤዎች።

«ካሴቱን ማን ነበር የሚቀይረው?» አለች።

ይድነቃቸው ኮቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እኔ። ዓርብ ዓርብ።»

«ሲወጡስ ለማን ነገሩ?»

ይድነቃቸው ከኮቱ ላይ አቧራ አራገፈ።

«ጋሽ ይድነቃቸው፣ ለማን ነገሩ?»

«ለማንም።» ድምፁ አነሰ። «ተናድጄ ነበራ።»

ናጃህ ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ እሷም ሦስት ዓመት ከዚህ ማሽን ጎን ስትሠራ አንዲት ቀን «ቅጂው የት ነው?» ብላ ያለመጠየቋ ትዝ አላትና ዘጋችው። ንዴቱ ግን የትም አልሄደም። ደብዳቤዎቹን ወደ ላፕቶፗ ገለበጠች፣ ሳጥኑን ባዶ አደረገች፣ ግድግዳውንም ገፋችው። በስድስት ሰከንድ ሰፋ! ሃያ ሁለት ቀን የፈጀው ሥራ ስድስት ሰከንድ ነበር። መዝገቡ ተከፈተ። የይድነቃቸውን መምጣት ሰምታ ከቆሼ የደረሰችው ትርንጎ በር ላይ ቆማ እልል ልትል አፏ ላይ እጇን አደረገች።

የ2000 ተመራቂዎች ወጡ። የ2001፣ የ2002፣ የ2003ም። 2004 ላይ ስክሪኑ ቆመ። ማሽኑ እንደ ጥርስ ማፋጨት ያለ ድምፅ አሰማና ንባቡ አልተሳካም ብሎ ጻፈ።

«errpt በይው» አለ ይድነቃቸው በፍጥነት። ይህ ትእዛዝ ማሽኑ በአካሉ ላይ የተሰማውን ሕመም የመዘገበበትን ዝርዝር ያሳያል። ዝርዝሩ ረጅም ነበር፤ ሁሉም የሚያመለክተው ወደ አንድ ዲስክ፣ ወደ መዝገቡ ዲስክ ነው። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የሁለት ዓመት ነው። ማሽኑ ቦታ የለኝም ሲል ዲስኩም እየሞተ ነበር፤ ቅጂ ደግሞ የለም።

«ስለዚህ የኔ የለም?» አለች ትርንጎ።

«አለ። ማንበብ ነው ያቃተው።»

«ለኔ ልዩነቱ ምንድን ነው፣ እህቴ?»

ትርንጎ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ መናኸሪያ ሄደች፤ ቆሼ ላይ ምጥ የያዛት እናት እየጠበቀቻት ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ናጃህ መዝገቡን በፕሮግራሙ በኩል መክፈት ትታለች። እያንዳንዱ ሙከራ የታመመውን ዲስክ ይበልጥ ያደክመዋል። dd በሚባል ትእዛዝ ዲስኩን ራሱን፣ ምን እንደተጻፈበት ሳትጠይቅ፣ በትንንሽ ቁራሽ እየቆረሰች ወደ አዲስ ዲስክ ትገለብጣለች። የማይነበብ ቁራሽ ሲገጥማት ቁጥሩን ደብተር ላይ ጽፋ ታልፈዋለች። ዲስኩ ሲግል እንደሚብስበት በሁለተኛው ቀን ደረሰችበት። ስለዚህ ጧት አንድ ሰዓት፣ የዘቢዳር ተራራ ብርድ ከክፍሉ ሳይወጣ ታስነሳዋለች። አርባ ደቂቃ ያህል ያነባል። ማፋጨቱ ሲጀምር ታጠፋውና እስከ ነገ ታሳርፈዋለች። ሥራዋ በቀን አርባ ደቂቃ፣ ንዴቷ ሃያ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነው።

ዛሬ ሰኔ ሃያ አራት ነው፤ ለትርንጎ ቀነ ገደብ ስድስት ቀን ቀርቷል። ከ2004 ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተመራቂዎች የመቶ ሰባ አንዱ ውጤት ከቅጂው ላይ ተነቦ ወጥቷል፤ ትርንጎ ከቀሩት አርባ አንዱ ውስጥ ናት። ከፊት ወደ ኋላ የሚደረገው ንባብ ከትናንት ወዲያ አንድ ቦታ ላይ ተገትሮ አልንቀሳቀስ ብሏል። ይድነቃቸው ትናንት ከእምድብር ደውሎ «ከኋላ ነይበት፤ ጫፉን ያዢና ወደ መሃል አንብቢ» አላት። ናጃህ ሌላ የተሻለ ሐሳብ የላትም። የዲስኩን የመጨረሻ ቁራሽ ቁጥር ደብተሯ ላይ አስልታ ትእዛዙን ጻፈች፤ ማሽኑ አንድ ቁራሽ አነበበ፣ አንድ ቁጥር ቀነሰች፣ ደግሞ ጻፈች።